ሽማግሌዎቹን ያስቀመጠችው ጥንቸል

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎኔ መሃል ቆመው ነበር። ቁጭ በሉ ብላቸው እንቢ አሉ። ጉዳያቸው መልስ ሳያገኝ አይቀመጡም፤ ወጉ ነው። ወደ እነሱ ከመመለሴ በፊት ግን ስለ ጥንቸሏ ልናገር...

ጥንቸሏ ሐምራዊ አሻንጉሊት ናት። የትልቋ ልጄ ባል ቶሌራ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው፤ ለሁለት ዓመቷ ልጁ ለሄራን ያመጣላት እሱ ነው። አዳማ ውስጥ ሁላችንም አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ስለዚህ ለሄራን የመጣው ለእኔም መጥቷል ማለት ነው።

ይህች ፍጡር የሰማችውን ሁሉ ትንሽ ጠብቃ በቀጭን ድምፅ ትደግማለች፤ ከዚያ ሙዚቃ ከፍታ ወገቧን ታወዛውዛለች። «ሄራን፣ ውኃ ጠጪ» ስል «ሄራን፣ ውኃ ጠጪ» ትላለች። ዜና አንባቢው ስለ ዝናብ እጥረት ሲናገር ተቀብላው ጨፍራበታለች። ጎረቤታችን አደ ጫልቱ «አካም ቡልተኒ» ብለው ሲገቡ ሰላምታቸውን መልሳ ጮኸችባቸው። ሴትዮዋ ሄራን በኦሮምኛ አፏን የፈታች መስሏቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«ቶሌራ፣ ይህ ነገር ምን ያስተምራታል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ንግግር ያለማምዳል አባባ። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።»

ካርቶኑን ፈልጌ አነበብኩት። ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥም ይላል። አሳየሁት። «እሱ ለፈረንጅ ልጆች ነው» አለኝ።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ... የመጡት ታናሿን ልጄን ትዕግሥትን ገመቹ ለሚባል ወጣት ሊጠይቁ ነው። ልጁን አስቀድሜ አጣርቼዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቹን ጠይቄያለሁ፣ አከራዩን ጠይቄያለሁ፣ ጠዋት ሥራ የሚገባበትን ሰዓት ሳይቀር አውቃለሁ። ጨዋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ለትልቋ ልጄ የቶሌራን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ አመላልሻለሁ፤ ለታናሿ የማጎድልበት ምክንያት አልነበረኝም።

ትዕግሥት ግን ጨንቋት ነበር። ገመቹ ከወር በኋላ ለሥራ ወደ ጅማ ሊዛወር ነው። ነገሩ በቀጠሮ ከተጓተተ እሱ ሄደ፣ እሷ ቀረች።

የሽማግሌዎቹ መሪ ኦቦ ቱፋ ከአቦምሳ የመጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጉዳዩን በሚገባ ተናገሩ። እኔም «ከቤተሰብ ጋር ልማከር» ብዬ መጋረጃውን ገልጬ ወደ መኝታ ክፍል ገባሁ።

ጥንቸሏን በጠዋት ራሴ አጥፍቼ ቁም ሣጥን አናት ላይ አውጥቻት ነበር። ሄራን ስታለቅስ እናቷ አውርዳ፣ ከፍታ ሰጥታታለች። ለእኔ የነገረኝ የለም።

ትዕግሥት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «አባዬ፣ እባክህ አታመላልሳቸው» አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ መለስኩላት። «አይዞሽ፣ ፈቅጃለሁ። ግን በቀላሉ ያገኙን እንዳይመስላቸው ሁለት ጊዜ ይመላለሱ።»

ሄራን እግሬ ሥር ነበረች። ጥንቸሏን እንዳቀፈች በመጋረጃው ሥር ሾልካ ወደ ሳሎን ወጣች። ወዲያው ያ ቀጭን ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«አይዞሽ፣ ፈቅጃለሁ። ግን በቀላሉ ያገኙን እንዳይመስላቸው ሁለት ጊዜ ይመላለሱ።»

ከዚያ ሙዚቃው... ከዚያ ጭፈራው።

ስወጣ ኦቦ ቱፋ ምርኩዛቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ሶፋው ላይ ቀስ ብለው ሲቀመጡ ደረስኩ።

«ተፈቅዷል ተብሏል። እኔ ተቀምጫለሁ» አሉ።

«ሁለት ጊዜ ይመላለሱም ተብሏል እኮ» አሏቸው አብረዋቸው ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ።

«እሱን አልሰማሁም። አንድ ጆሮዬ ደካማ ነው።»

ሳሎኑ ጥግ የቆመው ቶሌራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «የእኔ አጎት ከመቂ ሦስት ጊዜ ነው የተመላለሰው አባባ» አለ ድምፁን ዋጥ አድርጎ።

አሻንጉሊት ናት፣ ያገኘችውን ትቀባጥራለች ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እውነትም ነው፣ ስትቀባጥር ነው የምትውለው። ያን ቀን ግን የቀባጠረችው የእኔን ቃል ነው። ቃሌን በልጄ ፊት ልካድ? መጋረጃው አይነቃነቅም። ትዕግሥት ከጀርባው ትንፋሿን ውጣ እንደቆመች ያስታውቃል።

«ኦቦ ቱፋ፣ እንደሰሙት ነው። ፈቅጃለሁ» አልኩ።

«ፈቅጃለሁ» አለች ጥንቸሏ፤ ማን እንደጠየቃት እንጃ።

ሽማግሌዎቹ መረቁን። ትዕግሥት ወጥታ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ከዚያ የእኔን። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር። ሠርጉ ገመቹ ወደ ጅማ ከመሄዱ በፊት እንዲሆን ተስማማን። ኦቦ ቱፋ ሲወጡ የጥንቸሏን ጆሮ በጣታቸው ነካ አድርገው «አንቺ ጥሩ ሽማግሌ ነሽ» አሏት። እሷም ይህንኑ መልሳ አለቻቸው፤ ሰውየው እስከ በሩ ድረስ ሳቁ።

ለእኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የጭንቅላቷ ቦታ በጥጥ የተሞላ አሻንጉሊት የቤቴን ወግ በአንድ ደቂቃ ጨርሳው ወጣች።

ትናንት ደግሞ ገመቹ ምስጋናውን በቶሌራ እጅ ላከ። ካርቶኑ ሲከፈት... አረንጓዴ ጥንቸል። ሄራን ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። እኔ ጉሮሮዬን ከርክሮኝ አንድ ጊዜ ብቻ ሳልኩ። አረንጓዴዋ ሳለች፤ ሐምራዊዋ እሷን ሰምታ ሳለች፤ አረንጓዴዋ እንደገና... ይህን ስጽፍም ሳሉ አላባራም።

ሳይገባቸው ከሚደግሙ ተማሪዎች ጋር ሠላሳ ስድስት ዓመት በመምህርነት ታግዬ ጡረታ ወጣሁ... እነዚህ ሁለቱ ግን ቤቴን ጠይቀው መጡ።