ታክሟል

«በሩ አጠገብ የነበረው ክምር የት ሄደ?»

ሚስቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከማሞቂያው ክፍል ወጣች። አናጢው መላጊያውን አጠፋ። ሞተሩ እየተጎተተ እስኪቆም ጠበቀና «የቱ ክምር?» አለ።

«የቱ ይለኛል እንዴ። አሁን ላስገባው የነበረው ጣውላ ነዋ። ጥሬው።»

«ታክሟል ብለሽኝ የለም እንዴ? ሳጥን ሆኖ ሄደኮ።»

«ታትሟል ወይ ስትለኝ አዎ አልኩህ። ጠዋት ሚስማር ልትገዛ ስትሄድ ያተምኳቸውን ሳጥኖች የምትጠይቀኝ መስሎኝ።»

«እኔ ታክሟል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«በዚህ መጋዝ ጩኸት እንኳን አንዲት ፊደል ስሜን ብትጠራኝስ መች ሰማሁህ።»

ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። የጭነት መኪናው ከሄደ ቆይቷል፤ የቀረው የጎማው ጭቃ ነው።

ቃሉ ወደ ወርክሾፑ የገባው ከመመሪያው ጋር ነበር። የንግድ ሚኒስቴሩ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ የሚታሸግበት እንጨት ሁሉ ልቡ ድረስ በሙቀት ሳይታከም ከወደብ አያልፍም ብሎ ወሰነ። ከውጭ የሚመጣውም እንዲሁ፤ ማህተም የሌለው ሳጥን እዚያው ወደብ ላይ ይቃጠላል። ነገሩ የነቀዝ ነገር ነው። ነቀዝ በሳጥን ውስጥ ተደብቆ ባሕር ይሻገርና የደረሰበትን አገር ዛፍ ይጨርሳል። መመሪያውን ልታስረዳ የመጣችው ተቆጣጣሪ «የታከመ እንጨት» ስትል አናጢዎቹ መሳቅ ጀመሩ።

«ምን አሞት ነው የሚታከመው?» አለ አንዱ።

«ካርድ ያወጣል ወይስ በድንገተኛ ነው የሚገባው?» አለ ሌላው።

እሷም አብራ ሳቀችና ቀጠለች። ይሄኛው አናጢ ግን ያን ቀን አልሳቀም። እጁን አውጥቶ «የሰው አገር ዛፍ ቢነቀዝ እኔ ምን ቤት ነኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ተቆጣጣሪዋ በመስኮቱ አሳየችው። መንገዱን ይዘው የቆሙት ዛፎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርቀዋል። «እነዚህ የደረቁት ማሽን ታሽጎበት በመጣ ሳጥን ነው» አለችው። «አንድ የሰው አገር አናጢም እንደርስዎ ብሎ ነበር።»

አናጢውን ሚስማር ነው የሚሉት። ቀጭን ነው፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ሰፊ ነው፤ ስሙ የወጣለት ግን በመልኩ አይደለም። ሥራ ያስተማረው ሽማግሌ አናጢ አንድ ነገር አሥር ጊዜ ነግሮት አልገባው ሲል «ይሄስ ሚስማር ነው፣ ካልመቱት አይገባውም» አለ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። የተቆጣጣሪዋ መልስ መታው፣ ገባውም። ከሰፈሩ አናጢዎች ሁሉ ቀድሞ የማሞቂያ ክፍል የሠራው እሱ ነው። ፈተሹት፣ ፈቀዱለት፣ ቁጥርም ሰጡት። ቁጥሩ ያለበት ማህተም ከብረት የተሠራ ነው፤ እሳት ላይ ይግላል፣ እንጨቱ ላይ ሲጫኑት እየጨሰ ይታተማል። እስከዚያ ድረስ ዕድሜውን ሙሉ አልጋና ቁምሳጥን ሠርቷል፤ አንዱም ላይ የሠሪው ምልክት የለም። ከማህተሙ ወዲህ ግን ሳጥኖቹ የትም ቢደርሱ የማን እንደሆኑ ይታወቃል።

ማዘጋጃ ቤቱ የደረቁትን ዛፎች ሲያስቆርጥ ግንዶቹን የገዛው እሱ ነበር። ዛሬ ከእጁ ያመለጠው ክምር ከእነዚያው የተሰነጠቀ ነው።

ከመሬት አንድ ቁራጭ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ መታው። ከአንዲት ቀዳዳ እንደ ዱቄት የላመ ነገር ፈሰሰ። ሚስቱ አየች፣ እሱም አየ።

ስልኩን አወጣ። ሳጥኖቹን ያሠራው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው፤ እብነ በረድ ወደ ውጭ ይልካል።

«ጋሼ፣ ሳጥኖቹ ደረሱ?»

«እየገቡ ነው። ምነው?»

«አትጫንባቸው። ጥሬ እንጨት ገብቶባቸዋል። ያልታከመ።»

«ማህተም የላቸውም?»

«አላቸው።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ሳጥን አፍ የለው።»

«ነቀዝ አፍ አለው ጋሼ።»

አማቹ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። መርከቡ ነገ ይነሳል። ሰዎቹ ባለፈው ዘገየህ ብለው ሊተዉኝ ነበር፤ አሁን ብደግመው ሌላ ቤት ነው የሚሄዱት። አንተ ካልተናገርክ የሚያውቅ የለም። ሥራህን ሥራ።» ዘጋው።

አናጢው ሥራውን ሊሠራ ሞከረ። መላጊያውን አስነሳ፣ አንድ ጣውላ ሰጠው፣ ጠርዙን አበላሸው። አጠፋው። እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። መዶሻ አነሳ፣ ለምን እንዳነሳው ጠፋውና መልሶ አስቀመጠው። ውሃ ቀዳ፣ ሳይጠጣው መስኮቱ ላይ ተወው። የመንገዱን ዳር አየ፤ ዛፎቹ የነበሩበት ቦታ ጉቶ ብቻ ነው። እንደገና ወደ በሩ ሄደ።

«ምነው፣ ምስጥ የገባብህ መሰልክ» አለች ሚስቱ።

«ምን ላድርግ?»

«ወንድሜ ነው። ሂድ ብዬ አልክህም።» ማሞቂያውን ከፍታ ወደ ውስጥ አየች፣ መልሳ ዘጋችው። «አትሂድም አልልህም።»

«ቢታወቅ ቁጥሩን ይነጥቁናል።»

«ብትናገርም ይነጥቁናል።»

«እሱማ ነው።»

መሮውንና መዶሻውን በከረጢት ከቶ ወጣ።

ታክሲው ከአደባባዩ ሳያልፍ መንገዱ ተዘጋበት። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጋዜጣ ዘረጋ። አናጢው ትንሽ ታገሠ፣ ጉልበቱ ግን እምቢ አለው፤ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ «የኔ ወንድም፣ ወንበሩን አንተ እየነዳኸው ነው» አለችው። ይቅርታ ብሎ ወረደ። በመኪኖቹ መሃል እየተሹለከለከ ሄደ፣ ከአደባባዩ ማዶ ሌላ ታክሲ ያዘ፣ እሱም ሲቆም ወርዶ ሮጠ።

ከአማቹ ግቢ ሲደርስ ክሬኑ የመጀመሪያውን የእብነ በረድ ንጣፍ አንጠልጥሎ ሳጥን ውስጥ ሊያወርድ ነው። አናጢው ትንፋሹ ተቆርጦ እጁን አወዛወዘ። ክሬኑን የያዘው ሠራተኛ አሠሪውን አየ፣ አናጢውን አየ፣ ንጣፉንም አየር ላይ እንዳለ አቆመው።

«ለምን መጣህ?» አለ አማቹ።

«ጥሬዎቹን ልለይ።»

«ለያቸውና ውሰድ እንግዲህ። ደህናዎቹ ይበቁኛል።»

አናጢው በሳጥኖቹ መሃል ገባ። አንዱን ዳሰሰ፣ ሌላውን አንኳኳ፣ ሦስተኛውን አሸተተ። ታክሞ የመጣውና ጥሬው አንድ ላይ ተመትቷል፤ ሁሉም ከአንድ መንገድ ዳር የተቆረጠ፣ ሁሉም አንድ መልክ ነው። ቀዳዳ ያለው ታክሞ ሊሆን ይችላል፣ ቀዳዳ የሌለው ደግሞ በሆዱ ይዞ ይሆናል። ተመልሶ መጣ።

«አይለዩም» አለ።

«ጎሽ። ካልተለዩ ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ወይም ሁሉም ጥሬ ናቸው ጋሼ።»

ከረጢቱን ፈትቶ መሮውን አወጣ። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ተንበርክኮ ማህተሙን መፋቅ ጀመረ። የተቃጠለው እንጨት በጥቁር ፍቅፋቂ እየተነሳ ወረደ። አማቹ እጁን ያዘው።

«የምትፍቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የኔን ጉሮሮ ነው።»

«ቁጥሩ የኔ ነው።»

«እህቴን ሰጥቼህ፣ ሥራ ሰጥቼህ፣ በመሮ ትመጣብኛለህ።»

አናጢው እጁ እስኪለቀቅ ጠበቀ። አማቹ ለቀቀው፤ ፊቱን አዙሮ ስልክ መደወል ጀመረ፣ ማንም አላነሳለትም። ሠራተኞቹ ንጣፉን ወደ ቦታው መልሰው ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ራሱ አትሞ ራሱ ይፍቃል» አለ አንዱ።

«አንተስ፣ ራስህ አበድረህ ራስህ አትለምንም?» አለው ጓደኛው።

አናጢው ከሳጥን ሳጥን በጉልበቱ እየሄደ ሁሉንም ፋቀ። መዳፉ ተላጠ። ሲጨርስ እዚያው እንጨት ላይ ተቀምጦ ለተቆጣጣሪዋ ደወለ።

«ጥሬ እንጨት አትሜያለሁ» አላት። «ከግቢ አልወጣም፣ ማህተሙንም ፍቄዋለሁ። ግን አትሜያለሁ።»

«እርስዎ? እንዴት ሆኖ?»

«ታክሟል ስል ታትሟል ተባለ።»

«ይሄን እኔ ምን ብዬ ነው ለአለቃዬ የማስረዳው?»

«እኔም አላውቅም።»

«ጋሼ፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ቁጥሩን ግን ማሳገዴ አይቀርም።»

«አውቃለሁ» አለ። ስልኩን ኪሱ ከቶ ተነሳ፤ ጉልበቱ ላይ የተለጠፈውን ፍቅፋቂ አራገፈ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። አማቹ ከግቢው ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ አሁንም ይደውላል።

ቁጥሩ ስድስት ወር ታገደ። እብነ በረዱ በሌላ አናጢ ሳጥን ታሽጎ በሚቀጥለው መርከብ ሄደ። አማቹ እስከ ዛሬ ሳጥን የሚያሠራው እዚያው ነው።