ሬሳ የሌለበት ልቅሶ

ባሌ ሞቶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከልልኝ ነበር። እሱ ግን የሄደው ሌላ ሴት ጋ ነው፤ ለዚህ ደግሞ እድር የለም። ሻንጣውን አንጠልጥሎ የቁስቋምን ቁልቁለት ሲወርድ ሰፈሩ በሙሉ አይቶታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ደጄን የረገጠ ሰው የለም። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ጎረቤቶቼ አቀርቅረው ስልካቸውን ያያሉ። ምን ይበሉኝ? "እግዜር ያጥናሽ" እንዳይሉኝ ሰውዬው አዲሱ ገበያ ጎሚስታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጎማ እየነፋ ነው።

ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እናቱ ነን። አዎ፣ እናቱን እኔ ላይ ጥሎ ነው የሄደው። "እማዬ፣ ቤት ሳደላድል መጥቼ እወስድሻለሁ" አላቸው። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ እሰይ፣ ቶሎ ውሰድልኝ አልኩ። አማቴ ምላሳቸው የሚያቆስል ሴትዮ ነበሩ። ልጅ ስላልወለድኩ አብረን በኖርንባቸው አሥራ አንድ ዓመታት አንድ ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "አንቺ በቅሎ" ነበር የሚሉኝ። "አንቺ በቅሎ፣ ሽሮው ጨው የለውም።" እንግዳ ፊት ሳይቀር። ባሌ ይስቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ጩኸት ሰማሁ። አማቴ ሳሎን መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ "ልጄን! አንድ ልጄን!" ይላሉ። በርግጌ ተነሳሁ። እውነት የሞተ መሰለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ነው ያለኝ።

"እማማ፣ ምን ሆነ? ምን ሰሙ?"

"ምንም አልሰማሁም" አሉኝ፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው። "ሁለት ቀን ትራስ ነክሰሽ ስትነፋረቂ ሰለቸሽኝ። ነይ እዚህ ቁጭ በይና እንደ ሰው አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።"

እኛ ሰፈር የልቅሶ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ማን ሞተ የሚባለው ከተሮጠ በኋላ ነው። ሴቶቹ እሪ እያሉ ገቡ። "ጎሚስታው ሞተ" የሚለው ወሬ ቁልቁለቱን ወረደና እድሩ ቤት ደረሰ። ንፍሮ ተጣደ። ወንዶቹ የድንኳኑን ብረትና አግዳሚውን ተሸክመው እያለከለኩ መጡ። ሁለቱን ምሰሶ ካቆሙ በኋላ የእድሩ ዳኛ ቆባቸውን አውልቀው ሬሳው የት እንዳለ ጠየቁ።

"ጎሚስታ ቤቱ ነዋ" አሉ አማቴ። "ጎማ እየነፋ ነው።"

ዳኛው ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው፤ ቀልድ አይወዱም። "በቁሙ ለልጅዎ ያለቅሳሉ? ኧረ ይሄ ሟርት ነው! እድር መጫወቻ መሰለዎት እንዴ?" ብለው ጮኹ።

"ለእኔ ሞቷል። ለሷም ሞቷል" አሉ አማቴ፣ ከፍራሹ ሳይነቃነቁ። "ይቺ ልጅ በዝናብ በጭቃ የእናንተን ሬሳ ስትከተል ኖራለች። ታዲያ የሷን ሐዘን ማን ይቀመጥላት?"

ዳኛው ድንኳኑን አስነቅለው፣ እየተራገሙ ሄዱ። ሴቶቹ ግን ከበሩ አልወጡም፣ እርስ በርስ ተያዩ። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ "ንፍሮው እኮ ተቀቅሏል" አለችና ቁጭ አለች። ሌሎቹም ተከትለው ቁጭ አሉ። አንዷ ከልማድ የተነሳ "እግዜር ያጥናሽ" ብላኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሦስት ቀን ተቀመጡልኝ። በተራ ምግብ አመጡ፣ እግሬን አጠቡኝ፣ ሳለቅስ አብረው አለቀሱ። ሳቆም የሰውዬውን ጉድ እየመዘዙ አወጡት። አንዷ አዲሷን ሴት አይታት ኖሮ "ስትስቅ እኮ ድዷ ብቻ ነው የሚታየው" ስትል፣ ወይ ጉድ፣ አንጀቴን ነው ያራሰችው።

እንጀራዬ ጋቢ መቋጨት ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሸመኑትን ያመጡልኛል፣ እኔ ጫፉ ላይ የተረፈውን ክር በጣቴ እየገመድኩ ዘርፍ አወጣለታለሁ። ከልቅሶው በኋላ አንድ ጠዋት አማቴ "ወዲህ በይው" ብለው አንደኛውን ጫፍ ሳቡ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን መንገዱን ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ተደግፈን፣ ፀሐይ እየሞቅን፣ እሳቸው በአንዱ ጫፍ እኔ በሌላው፣ ልጃቸውን እናማለን። እስከ አሥር ዓመቱ አልጋ ላይ ይሸና እንደነበር የነገሩኝ ጊዜ ከሳቅ ብዛት ክሩ ከእጄ አመለጠ።

"ሳቂ፣ በቅሎ" አሉኝ። ስድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አልከበደኝም።

ተለወጡ ማለቴ አይደለም። ሽሮዬን እንደሰደቡ ነው የኖሩት። ግን ቀስ እያለ አንድ ነገር ገባኝ፦ እኚህ ሴትዮ ከሄዱ እዚያ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ አንድ ነፍስ የለም። "መጥቼ እወስድሻለሁ" ብሎ አልነበር የሄደው? በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ክሩን ጥዬ በአጥሩ አጮልቄ አያለሁ።

በዓመቱ መጣ። ወፍሯል። ሴትየዋ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ራሷ ሴትየዋ እናት የላትም፣ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ የሚያርሳት ሰው የለም። "እማዬ፣ የልጅ ልጅሽ ናት" አለ፣ እኔን እንደ ግድግዳው አልፎ እያያቸው።

አማቴ ዘርፉን ይዘው ነበር። ጣታቸው ቆመ። "ማንን ትመስላለች?" አሉ።

ድምፃቸውን ስሰማ አለቀልኝ አልኩ። በእኔ ሆድ በኩል ስንት ዓመት የጠበቋት ልጅ ናታ።

"አንቺን" አላቸው። ውሸታም።

"ክርስትና እስክትነሳ ነው" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። "ሰማንያ ቀን ምን አላት። እመለሳለሁ።"

ልብሳቸውን ፌስታል ውስጥ እየጠቀጠቅኩ ነበር። "ከወጡ አይመለሱ" አልኳቸው። በደንብ እንዲሰሙኝ ደገምኩት። "ይሄ ቤት ሆቴል አይደለም። ከወጡ አይመለሱ!" ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ልብስ ስታሰጣ ነበር፤ ሰምታኝ አንገቷን ደፋች።

አማቴ ከዘራቸውን ፈለጉ። "ማን ለመነሽ፣ በቅሎ" አሉና በልጃቸው ተደግፈው ወረዱ። ወደ ጀሞ ነው የወሰዳቸው፣ የከተማው ሌላኛው ጫፍ።

ሁለቴ ደወሉ፣ አላነሳሁም። በሦስተኛው አነሳሁ። "ጋቢውን ማን ይዞልሽ ነው የምትቋጪው?" አሉኝ። "ሰው አላጣሁም" አልኳቸው። ከኋላቸው ሕፃኗ ታለቅሳለች። "ሽሮሽ ላይ ጨው ጨምሪ" ብለው ዘጉት።

ሰማንያው ቀን እሁድ ላይ ዋለ። በርጩማቸውን ግድግዳው ሥር አወጣሁ። ሽሮ ሠራሁ፣ ጨው ጨመርኩ። አልመጡም። በማግስቱም በርጩማውን አወጣሁት። መደወል እችል ነበር እኮ፤ እጄ አልታሰረ! ግን ይደውሉ፣ ይለምኑኝ አልኩ። ልክ ላስገባቸው ነበር የፈለግኩት።

በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሴቶቹ ተሰብስበው ቆመዋል፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መርዶ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። አማቴን ደረታቸውን አመማቸው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አረፉ።

ለቅሶው ጀሞ ነው ብዬ ታክሲ ልይዝ ወጣሁ። የተፈታች ሚስት አንድ ጥግ ትቀመጣለች፣ ማን ያያታል? ግን በሬ ላይ ዳኛው ቆመዋል፣ ወንዶቹም የድንኳኑን ብረት እያወረዱ ነው።

"ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርጋል? ልጃቸው ጋ ነው እንጂ" አልኩ።

ዳኛው ከብብታቸው መዝገቡን አወጡ። "ያኔ ከውሸቱ ልቅሶ በሳምንቱ ከዘራቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ከልጄ ስም ሥር ሰርዘህ ከሷ ሥር ጻፈኝ አሉኝ። አማት ብዬ ልጻፍ ብላቸው ተቆጡኝ።" ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። ከእኔ ስም ሥር የሳቸው ስም አለ፤ አጠገቡ "እናት" ይላል። "ስሞት ድንኳኔ እዚያ ቤት ነው ብለውኛል። ዛሬ ደግሞ ሬሳ አለ" አሉ። ቀልድ አይወዱም ብያለሁ።

ዓመት ሙሉ በቅሎ እያሉ ሲጠሩኝ እናቴ ሆነው ነበር። አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም።

ባሌ ሬሳውን ቁስቋም ሊያስቀብር ይዞ መጣና ድንኳኑን እኔ በር ላይ ሲያይ ደነገጠ። ወንዶቹ መሃል እንደ እንግዳ ተቀመጠ። ሰፈሩን ገና ያልለመደች፣ ንፍሮ የምታድል ሴት "የሟች ምናቸው ነህ?" ብላ ጠየቀችው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ ግን ብዙ አልቆየም።

ሴቶቹ ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝ። ሐዘንተኛዋ እኔ ነኝ፣ ጠርቼ ማልቀስ አለብኝ። "እናቴ" ልል ፈለግኩ፣ አፌ እምቢ አለ፤ አንድ ቀን ብያቸው አላውቅማ። የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ደረቴን እየደቃሁ "ከወጡ አይመለሱ አልኳቸው! ከወጡ አይመለሱ አልኳቸው!" አልኩ።

ሴቶቹ ሙሾ ያወረድኩ መስሏቸው ተቀበሉኝ፤ ድንኳኑ በለቅሶ ተናጠ። ጎረቤቴ ብቻ አላለቀሰችም። እሷ ያን ቀን በአጥሩ በኩል ሰምታኛለች። መጥታ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ ደረቴን እንዳልመታ ሁለቱንም እጆቼን ያዘቻቸው።