የታሸገው ፋብሪካ መካኒክ

ሰፈርተኛው «ጆሮ» ይለው ነበር። ማሽን ሲታመም ከመፍታቱ በፊት ጆሮውን ደቅኖ ያዳምጠዋልና። በክር ፋብሪካው መካኒክ ሆኖ ጎለመሰ፤ የፋብሪካውን ባለቤት የእህት ልጅ አገባ፤ እሳቸውንም «ጋሼ» እያለ ኖረ።

ጋሼ አብላጫውን አክሲዮን የያዙ፣ ሲቆጡ የሚያስፈሩ፣ ሲሰጡ የማይሰስቱ ሰው ናቸው። አዳዲስ መፍተያ ማሽኖች ለማስመጣት ከባንክ ተበደሩ። ገበያው ፊቱን ሲያዞርባቸው በዕዳ ላይ ዕዳ ደረቡ፤ በመጨረሻም ከባንኩ ጋር ፍርድ ቤት ቆሙ። ሠራተኛው ተበተነ፣ በሩ ታሸገ። ንብረቱ በሐራጅ እስኪሸጥ ድረስ ማሽኖቹን ዝገት እንዳይበላቸው የሚጠብቅ ሰው ባንኩ ሲፈልግ፣ ከጆሮ የተሻለ አላገኘም።

ሥራው ቀላል ነበር። ግራሶ ይቀባል፣ አልፎ አልፎም ያስነሳቸዋል። ባዶው አዳራሽ ውስጥ አንዱ ማሽን ሲነሳ፣ ጣሪያው ሥር የሰፈሩት ርግቦች ግልብጥ ብለው በተሰበረው መስኮት ይወጣሉ።

አንድ እሑድ ጋሼ ቤቱ ድረስ መጡ። የቀረበላቸው ወንበር ላይ እንኳ አልተቀመጡም።

«ያን ሁሉ ግራሶ የምታፈሰው ለማን ብለህ ነው?»

«እንዳይበላሹ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ይበላሹ! ገዢ አይቶ ይሽሽ። ዋጋው ሲወርድ የሚስቴ ወንድም ያነሳዋል። ፋብሪካው ወደ እጄ፣ አንተም ወደ ሥራህ ትመለሳላችሁ።»

«ባንኩስ?»

«በእኔ ወለድ ጠግቦ ያደረ ነው፤ አታልቅስለት።»

ጋሼ ከወጡ በኋላ ሚስቱ ወገቧን ይዛ ቆመች። «ያሳደገኝ አጎቴ ነው። ደግሞስ ምን አድርግ አለህ? ምንም አታድርግ ነው ያለህ! ምንም አለማድረግ ያቅትሃል?»

አቃተው። ለጥቂት ጊዜ ግራሶውን አስቀምጦ ተቀመጠ። ከዚያ አንዱ ዘንግ ላይ ቀላ ያለ ዝገት ሲያይ ጨርቅ አንስቶ ጠረገው፤ ጠርጎም አላቆመ።

ለባንኩ አዝኖ፣ ወይም ለሠራተኛው ይተርፋል ብሎ አይደለም። ንብረቱን ልታይ የመጣችውን የባንክ ሠራተኛ ጠይቋት ነበር።

«ጥሩ ዋጋ ካወጣ ለተበተነው ሠራተኛ የሚተርፍ ነገር ይኖራል?»

ልጅቷ ጫማዋን ከዘይቱ እያሸሸች አየችው። «እውነቱን ልንገርዎት? ለእኛም አይበቃ።»

ስላልዋሸችው ወደዳት፤ ከዚያ ያለፈ ግን ምንም አልተሰማውም።

ጋሼ ዘጉት። ሚስቱም እራቱን አቅርባ ወደ ጓዳ ትገባ ጀመር።

የሐራጁ ዕለት የጋሼ ሚስት ወንድም ዝቅተኛ ዋጋ ይዞ መጣ። ማሽኖቹ ግን ሲነሱ አንድም አላንገራገረም፤ ሌሎች ተጫራቾች ተሟሟቁና አንድ እንግዳ ሰው ረታ። እንግዳው ክር የመፍተል ሐሳብ አልነበረውም። የሚፈልገው ሰፊ መጋዘን ነበር። ማሽኖቹን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጣቸው፤ የሚፈታቸውም ጆሮ ሆነ። ባንኩ የብድሩን ግማሽ ያህል አገኘ። ሠራተኞቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ጋሼ ደም ግፊታቸው ተነስቶ አልጋ ላይ ዋሉ። ሚስቱ «ካልሄድክ እኔም አልሄድም» ስትለው አብሯት ሄደ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣

«ማሽኖቹን ምን አደረጓቸው?» አሉ።

«ተቆራረጡ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆኖባቸው ሚስቱ ትራሱን ደገፈችላቸው። «እኔ ብሆን እፈትልባቸው ነበር» አሉ ሲረጋጉ።

ጆሮ ይህ እውነት ሊሆን እንደሚችል አሰበ። እንደገና ተበድረው፣ እንደገና ሌላውን ዕዳ ውስጥ ሊከቱ እንደሚችሉም አሰበ።

ዛሬ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሯል። ሚስቱ አጎቷን ስትጠይቅ አንዳንዴ ይሸኛታል፤ በር ላይ ሲያገኙት ጋሼ «ግባ እንጂ» ይሉታል፤ ገብቶም ጥቂት ይቀመጣል።