ለሁለታችን የተባለው ቦታ

አሁንም አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት ብሪን የሚባለው ሰፈር ሥራ ቦታዬ እያለሁ የሐያት ታናሽ እህት ደወለችና «ሐያት የለችም» አለችኝ። የት ሄደች ብዬ ጠየቅኳት። ልቧ ነው አሉ፣ በድንገት።

ለማታውቋት፣ ሐያት እዚህ ኖርዌይ፣ ሮምሶስ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ናት። የበረዶ ሆኪ አብረን ጀመርን፣ በተውሶ የመንሸራተቻ ጫማ። እሷ አጥቂ፣ እኔ በረኛ። ፈተናም ይሁን ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የመጣ ደብዳቤ፣ ከባድ ነገር ሲመጣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጫማዬን ልሰር» ትል ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላን አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ አሠልጣኝ ስንጫወት አይቶን ለሁለታችንም ቦታ እንዳለን ነገረን። በቃል ብቻ፣ ወረቀት የለም፤ ልማዳቸው እንደዚያ ነው። «ሦስት ዓመት እዚሁ ተጫወቱና ጠንክራችሁ ኑ» አለን።

ጠበቅን። ሃያ አንድ ሲሞላን ግን አሜሪካ ያሉ ወላጆች ማጉረምረም ጀምረው ነበር። «በዕድሜ የሚበልጡ የውጭ ተጫዋቾች የልጆቻችንን ቦታ ወሰዱ» ነው ነገሩ። አሠልጣኙ ደወለልኝ። «አንዳችሁን ብቻ ነው የምወስደው፣ በረኛ ስለምፈልግ አንቺን» አለኝ።

ሐያት የሕንፃችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ያለኝን ነገርኳት።

«ስለ እኔ ጠየቅሽው?»

«ያ» አልኳት፣ «አዎ» በኖርዌይኛ።

አልጠየቅኩትም። ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈራሁ።

ሄድኩ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አንዲት እናት ተነስታ «ስንት ዓመትሽ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ልጆቹ እርስ በርስ ሲያወሩ እኔ ጥግ ይዤ እቀመጥ ነበር። ለሐያት ስደውል ግን ሁሉም ጥሩ ነው እላታለሁ። እሷ ያኔ ሆኪውን ትታ አውቶቡስ መንዳት ጀምራለች።

እውነቱን የነገርኳት ከአሜሪካ ከተመለስኩ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ነው፣ ሆልምሊያ ወደሚባለው ሰፈር በባቡር ስንሄድ። በመስኮቱ እያየች «አውቃለሁ» አለች። «እውነት ስትናገሪ ‹አዎ› ነው የምትይው። ስትዋሺ ነው ‹ያ› የምትይው።»

ከዚያ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ዳግመኛ አላነሳነውም።

ሐያትዬ፣ ነገ የጀናዛው ሶላት ላይ እናትሽ «ከጎኔ አትራቂ» ብለውኛል። ጸሎታችሁን አላውቀውም፤ ከጎናቸው ግን እቆማለሁ።

ደህና ሁኚ እህቴ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ ልጅነቴን እንዳንቺ የሚያውቅ ሰው የለኝም።