ያልተጠራ መንገድ አይመረቅም

በሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ጋዋን ለብሰን የተነሣናቸው ሦስት ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል፤ የእኔ፣ የባለቤቴና የበኩር ልጃችን። ሦስታችንም የተማርነው በመዲናይቱ በሚገኘው አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ ነው። እኔ መሐንዲስ ሆኜ ወጣሁ፤ ባለቤቴ የኬሚስትሪ መምህርት። ነቀምቴ ተመልሰን ሥራ ስንጀምር የዚያ ግቢ ምሩቅ በጣት የሚቆጠር ነበርና፣ ሰው ከስማችን አስቀድሞ የተማርንበትን ይጠራ ነበር። ከበኩር ልጃችን ፎቶግራፍ ቀጥሎ አንድ ምስማር ባዶውን ቀርቷል። የመታሁት እኔ ነኝ፤ ለመጨረሻዋ ልጃችን ታስቦ ነው።

ምደባ በወጣበት ዕለት ልጅቱ ስልኳን ይዛ ወደ ሳሎን መጣች። ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ ከተከፈተ ብዙም ባልቆየ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ከክፍሏ ብሔራዊ ፈተናውን ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ነበረች፤ ውጤቷ ግን እኛ ለለመድነው ግቢ አልበቃም።

"አለፍኩ እኮ፣ እማዬ" አለች፣ ወደ እናቷ ዞራ።

"ማለፍሽንማ ሰማሁ። የት እንደሆነ ነው ያልሰማሁት።"

"ነገርኩሽ እኮ!"

"የነገርሽኝ ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲ አልነገርሽኝም።"

ባለቤቴ በዚያው ቀን ቆረጠች፤ ልጅቱ ቤት ተቀምጣ ፈተናውን በግል ደግማ ትፈተን። ልጅቱም ቆረጠች፤ ትሄዳለች። የእንስሳት ሕክምና መማር ትሻለች፤ ትምህርቱም እዚያ አለ። እኔ ከልጅቱ ጋር ቆምሁ። ያቆመኝም ርኅራኄ አልነበረም፤ ሳይኮርጅ ያለፈ ተማሪ በፈተናው ያገኘውን ቦታ አንገቱን ቀና አድርጎ ሊይዝ ይገባዋል የሚል እምነት ነው።

የአንጋፋው ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሻይ ቤት እንገናኛለን። በመካከላችን ያለው ጡረተኛ የእርሻ ባለሙያ ነገሩን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት እንጂ! አስም አለባት፣ የዚያ አገር አየር አይስማማትም አስብልና ምደባዋን አስቀይር። ስንቱ አድርጎታል!"

"አስም የለባትማ።"

"ይኑርባታ! ለአንድ ወር አስም ቢኖርባት ምን ትሆናለች?"

ሁሉም ሳቁ። "ድልድይ ስትሠራም እንዲሁ ነበርህ" አለኝ ባለሙያው፣ "ሲሚንቶ እንኳ ትንሽ ቆጠብ ማድረግ አታውቅም።"

"ድልድዮቹ እስካሁን የቆሙት ለዚያ ነዋ" አልሁት።

ልጁ የት እንደሚማር በተጠየቀ ቁጥር "አዲስ አበባ ነው" የሚለን ይኸው ወዳጄ ነው። የትኛው ግቢ ብለን ጠይቀነው አናውቅም፤ እርሱም አይነግረንም።

በሰፈራችን፣ በቡርቃ ጃቶ፣ ልጅ ለትምህርት ከቤት ሲወጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ይመርቀዋል። ኦሮሞውም፣ እንደ እኔ አባቱ ከጎጃም የመጣውም፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አብሮ ይቀመጣል። መራቂው ሽማግሌ አስቀድመው አባትን ልጁ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃሉ። አባት ቦታውን በስሙ ጠርቶ ይመልሳል፤ ሽማግሌው ያንኑ ስም እየጠሩ ይመርቃሉ። ያልተጠራ መንገድ አይመረቅም። እኔን አባቴ በዚህ ወግ ሸኝተውኛል፤ የበኩር ልጄንም እኔ ሸኝቼዋለሁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የተማርን የምንባለው ቤቶች ወጉን በደረጃ ከፍለነዋል። ታላቁ ግቢ የደረሰው ልጅ ይመረቃል፤ ሌላው ሻንጣውን ይዞ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሹልክ ይላል።

ልጄም ያሰበችው ይህንኑ ነበር።

"አባዬ፣ ማንንም እንዳትጠሩ። በማለዳ እሄዳለሁ።"

"ማን አሳደደሽ?"

"ሰው ይስቃላ! ወንድሜ ሲሄድ በግ ታረደ፤ ዩኒቨርሲቲውን ስትጠራ ድምፅህ ገበያ ድረስ ተሰማ። የእኔን ስትጠራ አፍህ ውስጥ ቢቀርስ?"

ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር፤ በቃል ሊመለስ የሚችልም አልነበረም። ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን ጠራሁ፤ ለወንድሟ እንደ ታረደው ያለ በግም ገዛሁ። ባለቤቴ "እኔ አልቀመጥም" አለች። ሆኖም በዋዜማው ወደ ማድ ቤት ብገባ፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ እያሸች ጭኮ ስታዘጋጅ አገኘኋት። የመንገደኛ ስንቅ ነው።

"መንገዱ ሩቅ ነው" አለች፣ ቀና ሳትል።

ሰው ተሰበሰበ። ወዳጄ የእርሻ ባለሙያውም መጥቶ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌው ሰርዶ በእጃቸው ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

"ኦቦ መሐንዲስ፣ ኤሳ ዴምቲ? ልጅቱ ወዴት ነው የምትሄደው?"

ልጄ መሬት መሬት ታያለች። ከተማዋንም ዩኒቨርሲቲውንም በስማቸው ጠራሁ።

"አልሰማሁም" አሉ ሽማግሌው፤ ጆሯቸው ከብዷል።

ደግሜ፣ ከአጥር ውጭ እስኪሰማ ድረስ ጠራሁት። አንዱ ጎረቤት ከኋላ "ይኼ ደግሞ የት ይሆን?" አለ።

"በአርጆ አድርጎ፣ በደሌን አልፎ ነው!" የሚል መልስ ከበሩ በኩል መጣ። አልቀመጥም ያለችው ባለቤቴ ናት፤ በርግጥም አልተቀመጠችም፣ ቆማለች።

"ምን ልትማር ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"የከብት ሕክምና" አለች ልጄ ራሷ።

"በሉ፣ ላሞቻችን እፎይ ይበሉ!" ብለው ሳቁ። ቀጥለውም ያችን ከተማ እየደጋገሙ እየጠሩ፣ ውኃዋን፣ መምህራኗን፣ አዳሯን መረቁላት። ሰርዶውን በመዳፏ አኖሩና "ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ ናጋን ጋሊ" አሏት፤ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ በሰላም ግቢ ማለታቸው ነው። ቤቱ በአንድ ድምፅ አሜን አለ።

ከአሜኑ በኋላ ወዳጄ ተነሣ። ቆብ ለማውለቅ ይመስል እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፤ ቆብ ግን አላደረገም።

"አባባ፣ የእኔም ልጅ አምና ሳይመረቅ ነው የሄደው" አለ። "አዲስ አበባ አይደለም ያለው።" ልጁ ያለባትን ከተማ በስሟ ጠራ፤ ከልጄ ከተማም ያነሰች ናት።

ማንም አልሳቀበትም።

"ምርቃት በሚኒባስ አይላክም" አሉት ሽማግሌው። "ለዕረፍት ሲመጣ ይዘኸው ና። በጉንም እንዳትረሳ!" ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ እርሱም ጭምር።

ሰኞ ቁርስ ከበላን በኋላ፣ ገበያተኛ መንገዱን በሞላበት ሰዓት፣ ወደ መናኸሪያ ወጣን። ሻንጣውን እርሷ ያዘች፣ ብርድ ልብሱንና ጭኮውን እኔ። በአቋራጩ መሄድ ይቻል ነበር፤ በዋናው መንገድ ሄድን። ከመናኸሪያው በር ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤታችን አየችን።

"ኢንታላ ኮ፣ ኤሳ ዴምታ? ልጄ፣ ወዴት ነው?"

ልመልስ አፌን ከፈትሁ። ልጄ ቀደመችኝ፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ጠራችው፣ በዙሪያው ያሉት ሸማቾች ዞር እስኪሉ ድረስ።

"ውይ፣ ሩቅ ነው እኮ!"

"እደርሳለሁ" አለችና፣ ብርድ ልብሱን ከእጄ ተቀብላ ወደ መኪናው ቀድማኝ ተራመደች።