ቢጫው ቀሚስ በአራስ ቤት

በቀደም ጎረቤቴ ሐዘን ገብቷት ልብሷን ልታጠቁር ቀለም ስታፈላ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አጥር ተሻግሮ መጣና የልጅነቴን ክረምት መለሰብኝ።

አባቴ የሞተው ሩዛችን ውሃ ውስጥ ቆሞ በነበረበት ወራት ነው። እናቴ ደማቅ ልብስ የምትወድ፣ ወረታ ገበያ ስትወጣ ከሩቅ የምትለይ ሴት ነበረች፤ ያን ጊዜ ግን ቀሚሶቿን ሁሉ ብረት ድስት ውስጥ ነክራ፣ በእንጨት እያማሰለች አጠቆረቻቸው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቀዩ ሲጠፋ አይ ነበር።

ሩዙ ታጨደ፣ በጋው አለፈ፣ ክረምቱም ዞሮ መጥቶ ሙት ዓመቱ ወጣ። በእኛ አገር ከል የሚያስወልቀው ዘመድ ነው፤ አዲስ ልብስ ይዞ መጥቶ «ይበቃሻል» ይላል። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ አለምነሽ፣ ግን አልመጣችም። እናቴ ሰው በላከችባት ቁጥር «የወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ? በገዛ እጇ ካወለቀች ልጅቱን ወስጄ እኔ ነኝ የማሳድጋት» ትል ነበር። ልጅቱ እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ ገብቼ እደበቅ ነበር።

ጥቅምት ላይ ጎረቤታችን ስንዱ ወለደች። እናቴ «ቀድመሽ ሂጅ፣ እመጣለሁ» ብላ ላከችኝና፣ ቀድማ ከመጣችው ከአክስቴ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ከሴቶቹ ጋር ገንፎ እበላ ነበር። አንዷ «ስንዱ፣ አፍንጫው ቁርጥ ያባቱ ነው፤ ምነው ትንሽ እንኳ ካንች ቢወስድ!» ብላ ቤቱ በሳቅ ሲሞላ፣ እናቴ እንደ ኑግ አበባ የደመቀ አዲስ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቧን በቀይ መቀነት ታጥቃ ገባች። ሳቁ ቆመ።

«ማን አወለቀልሽ?» አለች አክስቴ።

«ራሴ። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጡም፣ እትዬ።»

«እንዲህ ደምቀሽ ለማን ልትታይ ነው?»

«ለስንዱ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት።»

አክስቴ ወደኔ ዞራ እጇን ዘረጋች። «ተነሽ አንች። ከኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

ሁሉም እኔን ያዩ ነበር። ሰው ሲያየኝ እግሬ የሚታሰር ልጅ ነበርሁ፤ እንዴት እንደተነሣሁ እንጃ፣ ብቻ የተዘረጋውን እጅ አልፌ፣ ቅቤ በነካው እጄ የእናቴን ቀሚስ ጭብጥ አድርጌ ያዝሁ። የአክስቴ እጅ ትንሽ ቆይቶ ወደ ጉያዋ ተመለሰ። ስንዱ ከአልጋዋ ሆና እናቴን «ኧረ ቁጭ በይ፣ ገንፎው ቀዘቀዘብሽ» አለቻት።

ቀሚሱ ዛሬ እኔ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የቅቤው ምልክት አልለቀቀም። አሁን የወረታ ሴቶች ለአራስ ጥየቃ የወደዱትን ቀለም ለብሰው ይመጣሉ፤ እኔ ግን ግራጫና ቡናማ አዘወትራለሁ፣ ሰው በተሰበሰበበትም ድምፄ አይሰማም። ብቻ አንዲት ሴት ደምቃ ስትገባ ወሬው ድንገት ጸጥ ካለ፣ እንደዚያን ቀን ሁሉ ምንም ሳልናገር እነሣና ከጎኔ ቦታ እለቅላታለሁ።