የተክለብርሃን አየር

ተክለብርሃንን የማያውቅ ሰው አበሻ በሚሰበሰብበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ የለም። አለ ከተባለም ትናንት የገባ እንግዳ ነው፤ እሱንም ቢሆን ነገ ይዞ ያስቀምጠውና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዓሣ ያሳየዋል። ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ፣ ኤሊ፣ ከዚያ ደግሞ ራሱን፤ በጥቁር የላስቲክ ልብስ ተጠቅልሎ፣ የአየር ታንክ አዝሎ፣ ሆዱ ቀድሞት። ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ ሲያይ መንገድ ቀይሮ ሲሄድ የኖረ ሰው ዛሬ ስለ ባሕር ያስተምረናል።

እኔ ማሚቱ እባላለሁ፤ በርባንክ አውሮፕላን ማረፊያ ሳንድዊች እሸጣለሁ። ተክለብርሃን የታናሽ እህቴ የእሌኒ ባል ነበር። እሷ ትታው ሲያትል ከገባች ቆየች፤ እኔ ግን በልጃቸው በሄራን ምክንያት እስካሁን አልተገላገልኩትም። ስለ እሱ ክፉ ታወራለች ይሉኛል። አወራለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳየው የኖርኩትን ሰው ካላወራሁ ስለ ማን ላወራ ነው?

የሰውየው በሽታ አንድ ነው፤ ጎደለኝ ማለት አይችልም። ቤት ሲመጣ ገና ከበር ላይ "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል። ትሪው ሲቀርብ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። አንዴ "በሞቴ" ሲባል ጠግቤያለሁ፣ ሁለቴ ሲባል እንግዲህ እናንተን ላለማስቀየም ይላል፤ ከዚያ በኋላ ትሪውን ማየት ነው። ይህን ሁሉም አበሻ ያደርገዋል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። እሱ ግን በምግብ አላበቃም።

ይሠራበት የነበረው የሊሙዚን ድርጅት ሲያሰናብተው ለእህቴ አልነገራትም። ጠዋት ጠዋት ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ ከሚኖሩበት ከኢንግልዉድ ይወጣና ፌርፋክስ ሄዶ ወንበር ሲያሞቅ ይውላል። ወራት እንዲህ አለፉ። እሌኒ ጉዱን የሰማችው ከቅዳሴ ስትወጣ ከማታውቃት ሴት ነው፤ ባልሽ ሥራ አገኘ ወይ ብላ ጠየቀቻት። እህቴን ያስመረራት ሥራ ማጣቱ አልነበረም፤ ሥራ ማን ያላጣ አለ? ቤት ገብታ ስትጠይቀው "የምን ሥራ ማጣት? ዕረፍት ላይ ነኝ" አላት። ሄራን ያኔ የሃይስኩል ተማሪ ነበረች፤ ሳሎን ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰምታለች።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ጠላቂ የሆነው። ነገሩን ያመጣችው ሄራን ናት። ዩኒቨርሲቲ እያለች ከጓደኞቿ ጋር ባሕር ውስጥ መጥለቅ ለመደች፣ ፈቃድ አወጣች፣ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ሁሉ ባሕር ሆነ። አባትየው ልጁ እንደማትደውልለት ሲያይ ናፈቅሽኝ አላለም። እሱም ድሮ ምጽዋ ይዋኝ እንደነበር ነገራት። ምጽዋን በካርታ እንኳ ፈልግ ቢባል አያገኛትም። ልጅቷ አመነችው፣ ወይም ያመነች መሰለች፤ መዋኛ ገንዳ ወስዳ ከአስተማሪ ጋር አገናኘችው። ራስ ሳይጠና ጉተና እንዲሉ ገና አፍንጫውን ሳይዝ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ መንከር ሳይችል የእጅ ሰዓቱን፣ የእግር መቅዘፊያውን፣ እግሩ ላይ የሚታሰረውን ቢላ ገዝቶ ጨረሰ። ቢላው ለምንድን ነው አልኩት። ለሻርክ ነው አለኝ።

ፈቃዱን በስንት መከራ ካገኘ በኋላ ሄራን ኮዙሜል ወደምትባል የሜክሲኮ ደሴት ልትወስደው ተነሳች። እኔንም ጀልባው ላይ ትቀመጫለሽ ብላ ለመነችኝ። ይህን ሰው ምን ብለሽ ነው ባሕር ውስጥ የምትከቺው አልኳት። የመለሰችልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"እትዬ ማሚቱ፣ ታች ስንሆን አየሩ ስንት እንደቀረው ለኔ መንገር አለበት። ማስት ነው። ሶ፣ እዚያ እውነቱን ይነግረኛል።"

ዓይኗን አየኋት። ዓሣና ኤሊ አልነበረም የፈለገችው። አባቷ በሕይወቱ አንዴ ጎደለኝ ሲላት መስማት ነበር የፈለገችው፤ ለዚያ ብላ ባሕር ውስጥ ልትገባለት ነው። የኔ ልጅ፣ ይህን ሰው ገና አላወቅሽውም አልኳት፤ ያም ሆኖ ሄድኩ።

ከደሴቲቱ ወዲያ ባሕሩ ውስጥ ገደል አለ። ከላይ እስከ ታች ኮራል የሚሉትን የባሕር ፍጥረት የለበሰ፣ ቀዩ ከብርቱካኑ ከሐምራዊው የተደባለቀ፣ ግርጌው የማይታይ ገደል ነው። ውሃው እዚያ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ባሕር ውስጥ የሚሄድ ወንዝ በሉት። ሰውን ከገደሉ ጎን ለጎን ይዞት ይነጉዳል። ጠላቂው ራሱን ለቆ መሄድ ብቻ ነው ያለበት፤ ከተሟገተ አየሩን ይጨርሳል። ጀልባዋ ደግሞ ከላይ አረፋቸውን እያየች ትከተላለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው እንዲህ ላለው ይመስለኛል።

ከመዝለላቸው በፊት ሄራን ፊቱ ቆመች።

"አባ፣ ሊስን። ታንክህ ግማሽ ሲደርስ የአየሩን ጌጅ ታሳየኛለህ። ቶሎ ቢያልቅብህ ኖርማል ነው፣ ምንም ሼም የለውም። ኦኬ? ፕሮሚስ አድርግልኝ።"

"ማርያምን!" አለ። የማርያምን ስም ጠርቶ ወረደ።

እኔ ተንሳፋፊ ሰደርያዬን ታቅፌ ከካፒቴኑ ጋር ቀረሁ። ታች የሆነውን ያየሁት በኋላ ነው። ሄራን ግንባሯ ላይ ትንሽ ካሜራ አስራ ነበር፤ ሆቴል ስንገባ እንዳየው ስልኳን ሰጠችኝ።

ሌላው ሰው እጁን አጣጥፎ ከውሃው ጋር ይሄዳል። የኛው ሰው ኤሊ አይቶ ካለፈው በኋላ ወደ ኋላ ሊመለስ ፈለገ። በእጁም በእግሩም ውሃውን ይደበድባል፣ አረፋው እንደ ድስት ይንተከተካል፣ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ አይሄድም። ሄራን አውራ ጣቷንና ጠቋሚዋን አገናኝታ ደህና ነህ ስትለው እሱም ጣቱን አገናኝቶ ደህና ነኝ አላት። ስንት ቀረህ ብላ በምልክት ጠየቀችው። አሁንም ደህና ነኝ አላት። ስንት ቀረህ ለሚል ጥያቄ ደህና ነኝ! የአየሩን ልክ የሚያሳየውን ጌጅ ገበያ እንደምትሄድ ሴት ቦርሳ ሰደርያው ሥር ሸጉጦታል። ልትስበው እጇን ስትዘረጋ ፈቀቅ አለባት።

ይመራቸው የነበረው ሜክሲኳዊ ከአረፋው ብዛት ነገሩ ገባው። ጎበዝ ሰው ነው፤ መጥቶ ትርፍ የመተንፈሻውን አፍ፣ ቢጫውን፣ ዘረጋለት። ከኔ ተንፍስ፣ ያንተን ቆጥብ ማለቱ ነው። ተክለብርሃን ምን አደረገ? እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያ ሁሉ ውሃ ከላዩ ተጭኖት ጠግቤያለሁ ይላል!

ሜክሲኳዊው ደህና ነህ አለው፤ ደህና ነኝ አለ። በዚህ መሃል አንዲት ጠላቂ ወደ ጥልቁ ስትወሰድ ጊዜ መሪው ትቶት ወደ እሷ ሄደ። ምን ያድርግ፣ አበሻ አይደለም፤ በሞቴ አይልም። እምቢ ያለ ሰው እምቢ ብሏል ብሎ ያልፋል። ካሜራው የተክለብርሃንን ፊት ያሳያል። መሪውን በዓይኑ ሲከተለው አየሁት። ሁለተኛውን ልመና እየጠበቀ ነበር።

አየሩ አለቀ። ሄራን ደረቷ ላይ ያው ቢጫ ትርፍ ተንጠልጥሏል፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ መጥለቅ ሲማሩም ይህን መያዝ እስኪሰለቻቸው ተለማምደዋል። እሱ ግን ከአፏ መንጭቆ የምትተነፍስበትን ወሰደ። ካሜራው ተናወጠ፤ ኮራል ታየ፣ እግር ታየ፣ አረፋ ብቻ ሆነ። ከራስ በላይ ነፋስ ቢባልም በልጅ ላይ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ልጄ ስትዳብስ ትርፉን አገኘችው፣ ውሃውን አራግፋ አፏ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሰደርያውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችውና ፊት ለፊት እያየችው፣ ሰውነት እንዳይጎዳ ቆም በሚባልበት ቦታ ቆም እያለች፣ ቀስ ብላ ይዛው ወጣች። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። ያን ሳይ አለቀስኩ። ለእሷ ነው፤ ለእሱ የሚሆን እንባ የለኝም።

ውሃው አርቆ ወስዷቸው ስለነበር ጀልባችን ፈልጋ አገኘቻቸው። ተክለብርሃን ገና መሰላሉን ሳይጨርስ ለካፒቴኑ በእንግሊዝኛ ልጅቷ ደንግጣ ነበር፣ እኔ ይዤ አወጣኋት አለው። ሄራን ቀና ብላ አየችውና መቅዘፊያዋን ማውለቅ ቀጠለች። እውነቱን ይናገራል ብላ ሆቴልም ጠበቀችው፣ አውሮፕላን ውስጥም ጠበቀችው። እሱ ስለ ኤሊው አወራ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌርፋክስ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። ሆሊውድ የሰው መኪና እያቆመ የሚተዳደረው ለይኩንና ሌሎችም ነበሩ፤ እዚያ ሰፈር ደግሞ ወሬ የሚጠላ የለም። ተክለብርሃን እጅጌውን ሰብስቦ ጀመረ። ገደሉ፣ ወራጁ ውሃ፣ አየር አልቆባት ዓይኗ የፈጠጠ ልጅ። የራሱን መተንፈሻ ከአፉ አውጥቶ እንደሰጣት ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለይኩን አባት ማለት እንዲህ ነው ብሎ ቢራ አዘዘለት። እኔ አፌን ስከፍት ሄራን ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨምቃ ያዘችኝ። አባት ሰው ፊት አይገፈፍም፤ እህቴ ናት ያሳደገቻት። እሱ ግን ይህም አልበቃውም፣ ወደ እሷ ዞሮ አይደል ወይ ልጄ አላት። ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል ብላ እንጀራውን ወደ ሰዉ ገፋችው።

ስንጨርስ ልታደርሰን ነበርና መኪናዋ ውስጥ ገባን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቁልፉን ሳታዞር ወደ እሱ ዞረች።

"አባ፣ አልተቀየምኩህም" አለችው። "ሰው ሲፈራ ያገኘውን ይይዛል፣ ክላስ ላይ ተምረነዋል። አንድ ነገር ብቻ በለኝ። አየር አልቆብኝ ነበር በል። እዚሁ፣ ለኔ። እትዬ ማሚቱ ታውቃለች፣ ሌላ ማንም አይሰማም።"

አልዋሽም፣ እኔም እንኳ ተስፋ አደረግሁ። አፉ ሲከፈት ከኋላ ሆኜ አየሁት። ከዚህ በላይ ምን ሊቀልለት ነው? ልጅቷ ይቅርታውን አስቀድማ ሰጥታዋለች።

"መቼ?" አላት። "መቼ አለቀብኝ?"

ሄራን ቁልፉን አዞረች። እስከ ኢንግልዉድ እሱ ብቻ ስለ ትራፊኩ አንዳንድ ነገር አለ። ቤቱ በር ላይ ወርዶ ጎንበስ አለና ቀጣዩ ጉዞ ቤሊዝ እንደሆነ ነገራት።

"ሌላ ሰው ፈልግ አባ" አለችው። "እኔ ካንተ ጋር አልወርድም።"

ሳቀ። ዞሮ እኔ ያለሁበት መስኮት ጋ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ፈርታለች እኮ ማሚቱ፣ አይዞሽ በያት" አለኝ።

መስኮቱን ዘጋሁበት። ከዚያ ግን እውነትም አይዞሽ አልኳት፤ ታለቅስ ነበር።